ላፕቶፕዎ ከታደሰ በኋላ ዋይፋይ ጠፋ? መንስኤውና መፍትሔው

በላስ ቬጋስ ሌሊቱን በሥራ አሳልፈው ቀኑን በኢንተርኔት ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን፣ የላፕቶፕ ዋይፋይ መቋረጥ ፈተና እስከ ማሳለፍ ሊያደርስ ይችላል። ችግሩ አንዳንዴ የሚከሰተው ኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወናውን ባዘመነ ማግስት ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የወጣ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ አንዳንድ ላፕቶፖችን ከዋይፋይ አለያይቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ችግሩን አምኖ፣ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ በትምህርት ተቋማት፣ በድርጅቶችና በሕዝብ መገልገያ ኔትወርኮች ላይ እንደሚያመዝን አስታውቋል። በቀጣዩ ወር ደግሞ፣ ሲኢኤስ የተሰኘው የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ በላስ ቬጋስ በተከፈተበት ሳምንት፣ የዋይፋይ 7 የምስክር ወረቀት መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ቴክኖሎጂው ቢራቀቅም መሠረቱ ያው ነው፤ ሥርዓተ ክወናውን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የተባለ ሶፍትዌር ከአዲሱ ማሻሻያ ጋር ካልተጣጣመ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

በቅድሚያ ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ መሥራቱን ያረጋግጡ። ከሠራ ጉድለቱ ያለው ላፕቶፑ ላይ መሆኑ አይቀርም። የአውሮፕላን ሞድ አለመከፈቱን አይተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ። ካልተስተካከለ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን መርጠው ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው ይመልሱ። ይህ አማራጭ ከሌለ፣ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው በስልኩ ኢንተርኔት ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር ያውርዱ።

ኔትወርክን እንደ አዲስ ማስጀመር የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን ስለሚያጠፋ አስቀድመው ይመዝግቧቸው። ማሻሻያውን ማራገፍ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ የደኅንነት ጥገናዎችም አብረው ይነሣሉና፣ እርማቱ እንደወጣ ሳይዘገዩ ይጫኑት።