ካምፓስ አጠገብ ቤት መግዛት፦ ከቁልፉ በፊት ወረቀቱ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ግቢ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጭንቀት አለብን። የጀመዓው ቤት አከራይ ወይ ኪራይ ይጨምራሉ፣ ወይ ቤቱን ለልጃቸው ይፈልጉታል። እኛም ምንጣፉን፣ የኪታብ መደርደሪያውንና የረመዷኑን ድስት ተሸክመን በመካነ ሰላም ብርድ ሌላ ሰፈር እንዞራለን። ባለፈው ዓመት ታዲያ አንዱ ወንድማችን «ለኪራይ የምናወጣውን ከተመራቂዎች መዋጮ ጋር ደምረን ለምን አንድ ቤት አንገዛም?» አለ። ሁላችንም ደስ አለን።

ቤቱ በአንድ ሳምንት ተገኘ። ከካምፓሱ በእግር የሚደረስ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ አለው። ደላላው «ዛሬውኑ 50 ሺህ ብር ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ» አለን። ብሩን ይዘን ሄድን። ቡና ተፈልቶ አቦሉን ጠጣን። ቶናው ሲቀዳ የሻጩ ሚስት «ልጆቼ፣ በሰላም ነው የመጣችሁት?» ብለው ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ጀበናውን አስቀመጡና ባላቸውን አዩዋቸው። «ይሄ እኮ የእርሻ መሬታችን ነው። መቼ ተሸጠ?» አሉ። ሽማግሌው አቀረቀሩ። እኛም ቀብዱን ሳንከፍል ወጣን፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወዲህ ማዘጋጃ ቤት ተመላለስን፣ ሕግ የተማሩ ወንድሞቻችንንና ኡስታዞቻችንን ጠየቅን። ያገኘነውን እዚህ የጻፍነው ለጀመዓው ብቻ ብለን አይደለም። ተመርቆ እዚሁ ሥራ የሚይዝም፣ ቤተሰቡ ቤት ሊገዛ የሚያስብም ያስፈልገዋልና።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ በሕጋዊ መንገድ የተሠራው ቤት ነው። ከተማ ውስጥ ሕጋዊ ይዞታ ላይ ያለ ቤት ሲሸጥ የቦታው የመጠቀም መብት አብሮ ወደ ገዢው ይዞራል። ይዞታው ነባር ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሊዝ የተገኘ ሊሆን ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነበር። ስለዚህ የሊዝ ቤት የሚገዛ ሰው ስንት ዓመት እንደቀረውና ያልተከፈለ የሊዝ ውዝፍ እንዳለ ይጠይቅ።

የገበሬ ማሳ ግን ሌላ ነው። ገበሬው በይዞታው ያርሳል፣ ያከራያል፣ ያወርሳል፤ መሸጥ ግን አይችልም። ካምፓስ ሲመጣ በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ዓይን ውስጥ ይገባል። ደላላውም «የመንደር ውል» በሚባል በእጅ በተጻፈ ወረቀት ያሻሽጠዋል። በሌሊት የተሠራው ቤት ስሙ «የጨረቃ ቤት» ነው። ከተማው ሰፍቶ መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ ሰው ነው። የመንደር ውል የያዘው ገዢ በዚያ ቀን ባዶ እጁን ይቆማል።

«ፍርድ ቤት ገንዘቤን ያስመልስልኛል» የሚል አለ። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በፊት የተከፈለ 300 ሺህ ብር ዛሬ 300 ሺህ ብር ሆኖ ቢመለስ፣ ያን ጊዜ የገዛውን ዛሬ አይገዛም። ያውም ሻጩ ገንዘቡን ካልበላው ነው።

ወረቀቱ ምን ይናገራል?

መጀመሪያ የሚታየው የይዞታ ማረጋገጫው፣ ማለትም ካርታው ነው። ፎቶ ኮፒውን አይቶ መመለስ አይበቃም። ከሻጩ ጋር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ከማኅደሩ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። እዚያ የሚጠየቁት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ በካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ ተይዟል ወይስ የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ሦስተኛ፣ በካርታው ላይ ያለው ስፋትና አዋሳኝ መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? አራተኛ፣ የማን የማን ድርሻ አለበት? ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩትን ቤት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ከሟች የተላለፈ ቤት ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው። ሴት ልጅ «ባሏ ዘንድ ናት» ተብላ የምትዘለልበት ጊዜ ብዙ ነው። ድርሻዋን አላህ በቁርኣን ወስኖላታልና እሷ ሳትፈቅድ የተገዛ ቤት ውስጥ ሰላት መስገድ እንዴት ያስደስተናል?

ውሉና ቀብዱ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። አንቀጽ 1727 ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆን ያዛል። ከዚያ በኋላ ስሙ ማዘጋጃ ቤት ይዛወራል። ለዝውውሩ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ የዋጋው 2 በመቶ ነው። ይህን ለማትረፍ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ነገ ክርክር ቢነሳም ወረቀቱ የሚመሰክረው ያንኑ ዝቅተኛ ዋጋ ነው።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን ያፈረሰው ሰጪው ከሆነ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከሆነ እጥፍ ይመልሳል ይላል። በፊቅህ ግን ጉዳዩ ኺላፍ አለበት። ብዙኃኑ ዑለማዎች ሻጩ ያለ ምትክ ቀብድ ማስቀረቱን አይፈቅዱም፤ የሐንበሊ መዝሀብ ይፈቅዳል። ለእኛ የሚሻለው ካርታው ሳይመሳከር ምንም ቀብድ አለመክፈል ነው። «ዛሬውኑ» የሚለው ቃል ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በወለድ መበደር ለእኛ የተዘጋ በር ነው። በሀገራችን ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቅዷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በሙራበሓ ባንኩ ቤቱን መጀመሪያ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ፣ በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ይሸጣል። በሙሻረካ ደግሞ ባንኩና ገዢው በጋራ ይገዙና ገዢው የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ ይጠቀልላል። ስሙን ብቻ ሰምተን አንቀመጥ፤ «ከመሸጣችሁ በፊት ቤቱ በእናንተ እጅ ይገባል? ክፍያ ብናዘገይ ዕዳው ያድጋል?» ብለን እንጠይቅ።

የጀመዓችን መንገድ ግን መዋጮና ዕቁብ ነው። እዚህ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዘካ ስምንት ባለመብቶች ተቆጥረውለታል፤ ብዙኃኑ ፉቀሃዎች ለግንባታና ለቤት መግዣ አያደርጉትም። ሰደቃው በአንድ መዝገብ፣ ዘካው በሌላ መዝገብ ይያዝ።

በማን ስም?

ብዙ የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። እንደኛ ያለ የተማሪ ጀመዓ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው በራሱ ስም ካርታ አያወጣም። «ታዲያ በአሚራችን ስም ይሁን» ተባለ። አሚራችን ታማኝ ነው፤ ግን ሰው ነው። ዓመት ሳይሞላ ይመረቃል። ቢሞት ቤቱ ለወራሾቹ ነው፤ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ቤቱን ያሳግዳል። ወራሾቹ ክፉ መሆን አያስፈልጋቸውም፤ ወረቀቱ የአባታቸው ነው ካለ የአባታቸው ነው። ብራቸውን ያዋጡት መቶዎቹ ተማሪዎች ግን የት ይገኛሉ?

አንዳንድ ወንድሞች «በመካከላችን ወረቀት መጻጻፍ አለመተማመን ነው» አሉ። ሱረቱል በቀራ ላይ ያለችው 282ኛዋ አያ ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሟ ናት፤ የምታዘውም ዕዳን መጻፍንና ምስክር ማቆምን ነው። ሰሓቦች እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር፤ ግን ይጽፉ ነበር።

የተሻለው መንገድ ወቅፍ ነው። ዑመር ረዲየላሁ ዓንሁ ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ነቢዩን ﷺ አማክረው እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው ጥቅሙን ለድሆችና ለመንገደኞች አደረጉት። ወቅፍ የሚደረገው ግን የራስ የሆነ ነገር ነው፤ የመንደር ውል ብቻ የያዘ ሰው የቱን ወቅፍ ያደርጋል? የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ስለዚህ ቤቱ በመጅሊሱ በኩል ተመዝግቦ «ለተማሪዎች ወቅፍ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ማን እንደሚያስተዳድረውም ቢወሰን፣ እኛ ብንሄድም ቤቱ ይቀራል።

ግድግዳውንም እንይ

የምሕንድስና ተማሪዎች ነንና አንድ ነገር እንጨምር። ቤት በበጋ አይገመገምም። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ከመስኮትና ከበር ጥግ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። አዲስ ልስን ስንጥቅ ይደብቃል፤ አዲስ ቆርቆሮም የበሰበሰ ማገር ይደብቃል። የምሰሶውን እግር በቢላ ወግታችሁ ምስጥ እንዳልበላው እዩ። የተዳፋት ውኃ በየት እንደሚወርድ ጎረቤት ጠይቁ፤ ሐምሌ ላይ ያዩት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ምን ወሰንን?

ዘንድሮም ተከራይተናል። የመዋጮው ሒሳብ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሆኗል፤ ካርታ ያለው ቤት ሲገኝ ለመጅሊሱ የምናቀርበውን ጽሑፍም እያዘጋጀን ነው። የወሎ ደረሳ ከሸህ ሸህ እየዞረ ሲቀራ የመንደሩ ሰው ያበላውና ያስጠጋው ነበር። ያ ባለውለታ ገበሬ ነው፤ ዛሬ ማሳውን በመንደር ውል ልንወስድበት አይገባም። ያን ቀን ቡና ያፈሉልን እናት መሬታቸው ዛሬም በእጃቸው ነው። ስናልፍ ሰላም ይሉናል፣ እኛም ሳናፍር እንመልሳለን።

አላህ ሐላል በሆነ መንገድ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።