የተኳረፉ ጓደኞችን የፍቅር ታሪክ ለምትጽፉ

በቴሌግራም በየክፍሉ የሚለቀቁ የፍቅር ታሪኮችን አጥብቄ እከታተላለሁ። ከሁሉም የሚይዘኝ ተቀያይመው ዓመታት የተኳረፉ ጓደኞች ታርቀው የሚዋደዱበት ነው። ብዙዎቹ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቸኩላሉ። ሁለቱ ካፌ ውስጥ ድንገት ይገጣጠማሉ፣ ይላቀሳሉ፣ በቀጣዩ ክፍል ፍቅር ይጀምራሉ። ቂሙስ የት ገባ?

የቀደሙት ልብ ወለዶቻችን ይህ ጥያቄ አይነሳባቸውም። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» (1900 ዓ.ም.) ቤተሰቡን የበተነው ጦርነት ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህንና ሰብለወንጌልን የለያያቸው የባላባት ቤት የዘር ኩራት ነው። እርስ በርስ ስላልተበዳደሉ አንባቢ የሚናፍቀው መገናኘታቸውን ብቻ ነው። ጓደኛሞች ሲጣሉ ግን የለያያቸው የገዛ እጃቸው ነው፤ ስለተገናኙ ብቻ ቂሙ አይሽርም።

እስቲ ታሪኩን ጅማ ላይ አድርጉት። እሷ ለቡና ወቅት መነሻ ብላ ገንዘብ አበደረችው፤ ዋጋ ወደቀ፤ እሱ አፍሮ ሸሻት፤ እሷም እንደካዳት ቆጠረችው። የሚኖሩበት ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያ የታወቀ የጅማ ሰፈር ነው፤ እዚያ ተጠፋፍቶ መቅረት የለም። በገበያ፣ በለቅሶ፣ በሠርግ ይተያያሉ። ጥቅምት ገብቶ የአጋሮና የሊሙ ቡና ሲቀላ ደግሞ ያቺ ዕዳ ለሁለቱም ትታወሳለች። ስለዚህ ደራሲው የሚጨነቀው እንዴት እንደሚያገናኛቸው አይደለም። ዓመታት ፊቱን ሲያዞር የኖረ ሰው ዛሬ ያላዞረው ለምንድን ነው? ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ሽምግልናውን አትዝለሉት። በሽማግሌ ፊት በደል በስሙ ይጠራል፣ ሁለቱም ሳይቋረጡ ይናገራሉ፣ ካሳ ካለ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይቅር ይባባላሉ። እሱ በኀፍረት ያሳለፋቸውን ሌሊቶች እሷ መጀመሪያ የምትሰማው እዚያ ነው፤ የእሷንም ብቸኝነት እሱ የሚሰማው እዚያው ነው። ፍቅሩ ከዚህ ቢበቅል አምነዋለሁ፤ አንዱ የሌላውን ድካም አውቆ የመረጠው ነውና።

የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ከፍቅሩ በፊት ለእርቁ ሁለት ሦስት ክፍል ስጡት። አንባቢ ይሰለቻል ብላችሁ አትስጉ። ብዙዎቻችን የተኳረፍነው ጓደኛ አለን፤ የመጀመሪያው ቃል እንዴት እንደሚወጣ ማየት እንፈልጋለን።