ውኃው አለ፣ ቦዩ የለም

በ2016 ዓ.ም፣ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ስልኬ ጠራ። «አንተ ልጅ የት ነህ? ቶሎ ድረስልኝ፣ ኮምፒውተሬ ኢንተርኔቱን ረሳ» አሉኝ እትዬ።

እትዬ እዚሁ ቀሐ፣ ከቤታችን ሦስት በር ዝቅ ብሎ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እትዬ ብቻ እንበላቸው። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው ብዬ ስንቴ ብነግራቸውም አልገባቸውም። ለሳቸው ላፕቶፕ በጀርባው ይዞ የሚዞር ሁሉ የኮምፒውተር ሐኪም ነው።

ስደርስ እሳቸው ብቻ አልነበሩም። አንዲት ልጅ የትምህርት ማስረጃዋን በፕላስቲክ ፋይል ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። በ2015 ዓ.ም ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ያገኘችው ክፍት የሥራ ቦታ ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። የሚዘጋው ያን ዕለት ማታ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኗል።

ወቅቱን ለረሳ ላስታውስ። በክልላችን በነበረው የጸጥታ ችግር ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። «ስልኬ ላይ እሞላዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ያኔ ኢንተርኔት ማለት በመስመር የገባ ዋይፋይ ማለት ነው፤ እሱም ላለው። እትዬ የራሳቸው መስመር የላቸውም። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጡረተኛ መምህር ግን የዋይፋያቸውን የይለፍ ቃል ሰጥተዋቸዋል። በምትኩ እትዬ የጋሼን ወረቀት በነፃ ያትማሉ። ጥሩ ስምምነት ነበር፤ ኮምፒውተሩ እስኪከዳቸው ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ቫይረስ ገብቶበት «ፎርማት» ተደርጎ መጣ። ዊንዶውስ 7 እንደ አዲስ ተጭኖበታል። ፒችትሪውም፣ ፓወር ግዕዙም ተመልሷል። ከታች በቀኝ በኩል ያለችው የኔትወርክ ምልክት ላይ ግን ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። ዲቫይስ ማናጀር የሚባለውን ገጽ ስከፍተው «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ከሚለው ጎን ቢጫ ቃለ አጋኖ ቆሞ አገኘሁት።

«ድራይቨር የለውም እትዬ።»

«ሾፌር?»

«አዎ፣ እንደሱ ይበሉት።»

«መኪናው የኔ፣ ሾፌሩ የማን ሁኖ ነው የጠፋ?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ።

ቦይ ማለት ነው

ለእትዬ እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። የፋሲለደስን መዋኛ አስቡት። ጥምቀት ሲቃረብ የቀሐ ወንዝ ውኃ በቦይ ተመርቶ ይሞላዋል። ወንዙ ሁልጊዜ እዚያው አለ። ገንዳውም ከተሠራ ዘመን የለውም። ሁለቱን የሚያገናኘው ቦይ ካልተከፈተ ግን ገንዳው ደረቅ ድንጋይ ነው። የጋሼ ዋይፋይ ወንዙ ነው፣ ኮምፒውተሩ ገንዳው ነው፣ ድራይቨር የሚባለው ቦዩ ነው።

ወደ ዕቃው ስንመለስ፣ በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ የዋይፋይ ካርድ አለች። ካርዷን የሚሠሩት ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ኢንቴል፣ ብሮድኮም፣ ሪልቴክ፣ አቴሮስ። እያንዳንዷ ካርድ የራሷ የትእዛዝ ቋንቋ አላት። ዊንዶውስ «ይህን ገጽ አምጣ» ሲል ቃሉን ወደ ካርዷ ቋንቋ የሚመልሰው ትንሽ ፕሮግራም ነው ድራይቨር የሚባለው። ዊንዶውስ 7 በጥቅምት 2002 ዓ.ም ሲወጣ በጊዜው የነበሩ የብዙ ካርዶችን ድራይቨር ይዞ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ የተሠሩትን ግን ከየት ያውቃቸዋል? አሮጌ ሲስተም በአንፃሩ አዲስ በሆነ ማሽን ላይ ሲጫን የሚደናበረው ለዚህ ነው።

አዙሪቱ

ድራይቨሩ የት ይገኛል? ኢንተርኔት ላይ። ኢንተርኔት ለመግባት ምን ያስፈልጋል? ድራይቨሩ።

ይቺን ነገር ሳያት ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ትዝ አለኝ። ራግናር ኑርክሰ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የድህነትን አዙሪት ያብራራል። ገቢ ዝቅተኛ ስለሆነ ቁጠባ የለም፣ ቁጠባ ስለሌለ ካፒታል የለም፣ ካፒታል ስለሌለ ምርታማነት የለም፣ ምርታማነት ስለሌለ ገቢው እዚያው ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን ያን ዕለት እትዬ ሱቅ ውስጥ ነው። ከአዙሪት የሚወጣው አዙሪቱ ውስጥ ባለ ነገር አይደለም። ከውጭ የሆነ ሰው ጫፉን መያዝ አለበት።

መጀመሪያ ፍላሽ ይዤ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። በላፕቶፑ ሞዴል ስም ፈልጌ ድራይቨር አወረድኩና ተመለስኩ። ስጭነው እምቢ አለ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ያወረድኩት የ64 ቢት፣ የእትዬ ዊንዶውስ ደግሞ 32 ቢት። ሁለቱ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከመሮጤ በፊት «ማይ ኮምፒውተር»ን በቀኝ ጠቅ አድርጌ «ፕሮፐርቲስ» ብል ኖሮ በአንድ ደቂቃ አውቀው ነበር።

ሁለተኛ ሙከራ። እትዬ ከመሳቢያ አንዲት ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዋይፋይ አወጡ። ሰካኋት። እሷም ድራይቨር ፈለገች። ድራይቨሯ በሲዲ አብሮ መጥቷል። ላፕቶፑ ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

አሥር ሰዓት ሆነ። ልጅቷ ፋይሏን መክፈትና መዝጋት ጀመረች። እትዬ «ቆይ ቡና ላፍላ» አሉ። በጎንደር ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ቡና ያፈላል።

ስልኩ ካርድ ሆነ

መፍትሔው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ግን አላሰብኩትም። ስልክን በገመድ ከኮምፒውተር አገናኝቶ ኢንተርኔት ማካፈል፣ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚባለው፣ የሚሠራው በሞባይል ዳታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዳታ ደግሞ የለም። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ስልኩ ከዋይፋይ የተቀበለውንም በገመዱ ያሳልፋል። ማለትም ስልኩ ራሱ የዋይፋይ ካርድ ይሆናል ማለት ነው።

ስልኬን ከጋሼ ዋይፋይ ጋር አገናኘሁ። በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ሰካሁ። ሴቲንግ ውስጥ «ሆትስፖትና ቴተሪንግ» ከሚለው ገብቼ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አበራሁ። ምንም የለም። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነበርና ነው፤ አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ውስጥ መረጃ የሚያሳልፈው ሽቦ የለም። የልጅቷን ገመድ ተቀበልኩ። ዊንዶውስ 7 ከጥቂት ሰከንድ በኋላ አዲስ ኔትወርክ አገኘሁ አለ። ለዚህ የሚሆነውን ድራይቨር አብሮት ከተወለደው ውስጥ አለው። ኤክስፒ ቢሆን ኖሮ ለዚህም ሌላ ፋይል ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሆነ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫዋን ምልክት ጠቅ አድርጌ፣ «ዲቴይልስ» ከሚለው «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን አየሁ። ይህ የካርዷ መታወቂያ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሠሪውን ድርጅት፣ ሁለተኛው የካርዷን ዓይነት ይናገራል። ለምሳሌ 8086 የሚል ካያችሁ ሠሪው ኢንቴል ነው። የላፕቶፑን ስም ትታችሁ በዚህ ቁጥር ስትፈልጉ ነው ትክክለኛው የሚገኘው፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ላፕቶፖች ውስጣቸው የተለያየ ካርድ ሊኖር ይችላል። የ32 ቢቱን አውርጄ ጫንኩት። ቢጫዋ ጠፋች። የጋሼ ዋይፋይ ስም ብቅ አለ። እትዬ እልል አሉ።

እልልታው ቶሎ ነበር። የምዝገባው ድረ ገጽ «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ብሎ አልከፈትም አለ። ይኼ ብዙ ሰው ድራይቨሩን እንዲጠራጠር የሚያደርግ ወጥመድ ነው። ጥፋቱ የሰዓቱ ነበር። የላፕቶፑ ትንሿ የማዘርቦርድ ባትሪ ስለሞተች ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሄዷል። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ የኮምፒውተሩ ቀን ከተሳሳተ ሁሉም ሐሰተኛ ይመስለዋል። ቀኑን አስተካከልኩ። አሮጌውን ብራውዘር ትቼ ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻ የሆነውን ክሮም 109 ጫንኩ። ገጹ ተከፈተ።

ልጅቷ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው ማስረጃዋን ጭና የጨረሰችው። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚለውን ገጽ እትዬ በሁለት ቅጂ አተሙላት። አልተቀበሏትም፣ አስከፈሏት እንዴ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ቡናውንም እሷው አብራን ጠጣች።

«ለምን አዲስ አትገዙም?»

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «በዚህ ዘመን ዊንዶውስ 7?» ብሎ ሳቀብኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚያደርገውን ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። እውነቱን ነው፣ አደጋ አለው። በግንቦት 2009 ዓ.ም ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዛት የመታው ማሻሻያ ያልተጫነባቸውን የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበር። ስለዚህ እትዬን የባንክ ነገር በዚያ ኮምፒውተር እንዳይከፍቱ አስምያቸዋለሁ።

ግን እትዬ ሞኝ አይደሉም። የሦስት ሱቆችን ሒሳብ የሚይዙት በአሮጌው ፒችትሪ ነው። የዓመታት ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ተጽፏል። ፕሪንተሩም ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ተስማምቶ ይኖራል። አንዱን ሲቀይሩ ሁሉንም መቀየር ሊኖርባቸው ነው። በኢኮኖሚክስ ይህን የመሻገሪያ ወጪ እንለዋለን፤ ወጪው ደግሞ የሚለካው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያገለገለ ላፕቶፕም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው።

ደግሞ ነገሩ የእትዬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡ ዓይነት ፕሮሰሰሮችን ይፈልጋል። የሳቀብኝ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። እሱም ቀስ እያለ ወደ እትዬ ወገን እየመጣ ነው።

ከፎርማት በፊት

የእኛን ግማሽ ቀን እናንተ እንዳታባክኑ ጥቂት ነገር ልበል። ኮምፒውተራችሁን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ሲስተም 32፣ ከዚያም «ድራይቨር ስቶር» የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የሚሠሩት ድራይቨሮች በሙሉ እዚያ አሉ። ከፎርማት በኋላ ዲቫይስ ማናጀርን «እዚህ ፈልግ» ብላችሁ ብታሳዩት ራሱ መርጦ ይወስዳል። የካርዱን መታወቂያ ቁጥርና 32 ይሁን 64 ቢት ወረቀት ላይ ጻፉት።

ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ 7 ፊርማውን አላውቀውም ካለ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማይክሮሶፍት የፊርማ ዘዴውን ወደ ሻ-2 ስለቀየረ ነው፤ መጀመሪያ የዚያን ማሻሻያ መጫን ያስፈልጋል። ኤክስፒ ላይ ያላችሁ ሰርቪስ ፓክ 3 ከሌላችሁ የዛሬ ዋይፋዮች የሚጠቀሙበትን ደብልዩፒኤ 2 ላያነብላችሁ ይችላል። የዋይፋዩ ስም ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ሞደሙ በ5 ጊጋ ኸርዝ ብቻ እየላከ እንደሆነ እዩ፤ ብዙዎቹ አሮጌ ካርዶች የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። «ድራይቨር በነፃ» እያሉ በማስታወቂያ ከሚያጥለቀልቁ ገጾች ራቁ። እትዬ መጀመሪያ ቫይረስ የገዙት ከዚያ ነው።

ልጅቷ ለጽሑፍ ፈተና ተጠርታ እንደነበር እትዬ ነግረውኛል። እትዬ ሱቅ ግድግዳ ላይ ዛሬ በገመድ የታሰረች ፍላሽ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ድራይቨሮቹ ውስጧ አሉ፣ የሰፈሩ ሌሎች ላፕቶፖችም ተጨምረውባታል። መዋስ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። ግን መታወቂያችሁን ሳታስይዙ ከበሩ አትወጡም።