የኤሌክትሪክ መኪና ያዛልቃል ወይ? ከቅንጡ የስፖርት መኪናዎች እስከ መካነ ሰላም ዳገት

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ «የኤሌክትሪክ መኪና ያዛልቃል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። ጥያቄው ግን በአዲስ አበባ ጎዳናና በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። በአዲስ አበባ መኪናው ቢቆም ባለቤቱ ታክሲ ይሳፈራል፤ መኪናውም ተጎትቶ ጋራዥ ይገባል። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ሕመምተኛ የሚያደርስ መኪና በሌሊት በተራራ መንገድ ላይ ቢቆም ግን የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ረዘም ያለ ጊዜ የፈጀ ተሞክሮ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ተሞክሮ በብዛት የሚገኘው ደግሞ፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ከቅንጡ የኤሌክትሪክ የስፖርት መኪናዎች ባለቤቶች ዘንድ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ15 ዓመት በፊት የሊቲየም አዮን ባትሪ እጅግ ውድ ስለነበረ፣ ዋጋውን ሊሸከም የሚችለው በጣም ውድ የሆነ መኪና ብቻ ነበር። በመሆኑም አዲሱን ቴክኖሎጂ ገንዘባቸውን ከፍለው የፈተኑልን ባለጸጎች ናቸው። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምን ገጠማቸው? ከእነርሱ ተሞክሮስ ለመካነ ሰላም የሚተርፍ ትምህርት አለን?

ያልተፈጸመው ስጋት

እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበው የቴስላ ሮድስተር ዋጋው ከ100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የስፖርት መኪና ነበር። ባትሪው በዘመኑ ለላፕቶፕ ኮምፒዩተር ይውሉ ከነበሩት ጋር አንድ ዓይነት በሆኑ 6831 ትንንሽ ሴሎች የተገነባ ነው። የብዙዎች ስጋትም ከዚሁ የመነጨ ነበር። የላፕቶፕ ባትሪ በሁለትና በሦስት ዓመት የሚደክም ከሆነ፣ የመኪናው ባትሪስ ከዚህ የተለየ ዕድል ምን ይኖረዋል?

መልሱን የሰጡት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ፕለግ ኢን አሜሪካ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ከ126 የሮድስተር መኪናዎች የተሰበሰበ መረጃ አጠናቅሮ ባወጣው ጥናት፣ ባትሪው 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ከመጀመሪያው አቅሙ ከ80 እስከ 85 በመቶ የሚሆነውን ይዞ እንደሚቆይ አመልክቷል። ሞቃት በሆነና ቀዝቃዛ በሆነ አካባቢ በሚነዱ መኪናዎች መካከልም ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። በአንጻሩ በዚያው ዘመን በአሜሪካ በረሃማ ከተማ በፊኒክስ የነበሩ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች፣ የባትሪያቸው አቅም ከተጠበቀው ቀድሞ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2012 በምሬት ተናግረዋል። በሁለቱ መኪናዎች መካከል ካለው ልዩነት አንዱና ዋነኛው፣ ሮድስተር ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ሲሆን ሊፍ ግን ይህ ዓይነት ማቀዝቀዣ የሌለው መሆኑ ነው። ለባትሪ ዋነኛው ጠላት ሙቀት ነው ማለት ነው።

ትንሹ ዕቃ ትልቁን ሲያቆም

ታዲያ የባለቤቶቹ ምሬት ከየት መጣ? መዝገቡን ስንመረምር፣ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚያቆመው ሁሉም ሰው የሚፈራው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን፣ ማንም ልብ ያላለው ትንሽ ዕቃ ሆኖ እናገኘዋለን።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቴስላ 439 ሮድስተሮችን ለጥገና መልሶ ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ በካርቦን ፋይበር አካል ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ሊላጥና የእሳት አደጋ ሊያስከትል የሚችል የ12 ቮልት ሽቦ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሞዴል ኤስ ደግሞ ከሚሞሪ ችግር ጋር ተፋጠጠ። የመኪናው ኮምፒዩተር የሚጠቀምባት 8 ጊጋ ባይት የምትይዝ ሚሞሪ እያንዳንዷ ክፍሏ ተሰርዛ እንደገና ልትጻፍ የምትችለው ወደ 3000 ጊዜ ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ በየቀኑ የሚመዘግበው መረጃ እያንዳንዱን ክፍል በአማካይ 1.4 ጊዜ እንዲጻፍ ያደርገዋል እንበል። 3000ን ለ1.4 ስናካፍል ወደ 2140 ቀን፣ ማለትም ስድስት ዓመት የማይሞላ ዕድሜ እናገኛለን። ሚሞሪዋ ስታልቅ ስክሪኑ ይጠፋል፤ የኋላ ካሜራውና የመስታወት ጉም ማጥሪያው አይሠሩም። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 135 ሺህ የሚጠጉ መኪናዎች ለጥገና ተጠርተዋል። ሞተሩና ባትሪው ደኅና ሳሉ መኪናውን ያስረጀው የጣት ጥፍር የምታህል ዕቃ ነበረች።

የጀርመኑ ፖርሽ ታይካንም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጉዞ ላይ ሳለ ኃይል ሊያቋርጥ በሚችል የሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት 43 ሺህ ያህል መኪናዎች ተጠሩ። በ2024 ደግሞ የፊት ፍሬን ቱቦው ሊሰነጠቅ ይችላል ተብሎ መኪናው እንደገና ለጥገና ተጠራ። የፍሬን ቱቦ በናፍጣ አይሱዙም ላይ ያለ የቆየ ዕቃ ነው።

ከሁሉም በላይ ባለቤቶችን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን የ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ነው። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ትልቁ ባትሪ እስከ 400 ቮልት፣ በታይካን ደግሞ እስከ 800 ቮልት ስለሚደርስ፣ መኪናው ሲቆም ለደኅንነት ሲባል በማብሪያ ማጥፊያዎች ከተቀረው አካል ተለይቶ ይዘጋል። እነዚህን ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚከፍተው ከትንሹ ባትሪ የሚመጣ ኃይል ነው። ትንሹ ባትሪ ከሞተ፣ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም። እህል የሞላ ጎተራ ቁልፉ እንደጠፋበት ማለት ነው።

ሁለት ጥናቶች፣ ሁለት መልሶች

የነጠላ ባለቤቶችን ታሪክ ትተን ወደ ብዙኃኑ መረጃ ስንሄድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመናል። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ባለቤቶችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከነዳጅ መኪናዎች በአማካይ 79 በመቶ የበለጠ ችግር እንዳለባቸው ገልጿል። በቀጣዩ ዓመት ልዩነቱ ወደ 42 በመቶ ወርዷል። አዳክ የተባለው የጀርመን የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ግን ስለ 2024 ባወጣው የብልሽት መዝገብ፣ ከ2020 እስከ 2022 ከተመዘገቡት መኪናዎች መካከል በመንገድ ላይ የቆሙት ከ1000 የኤሌክትሪክ መኪናዎች 4.2፣ ከ1000 የነዳጅ መኪናዎች ደግሞ 10.4 መሆናቸውን አሳይቷል።

የትኛውን እንመን? ሁለቱንም ማመን ይቻላል፤ የለኩት የተለያየ ነገር ነውና። የመጀመሪያው ባለቤቱ ያማረረበትን ሁሉ ይቆጥራል፤ የማይታዘዝ የበር እጀታም፣ የሚጠፋ ስክሪንም ይገባበታል። ሁለተኛው የሚቆጥረው ረዳት እስከመጥራት ያደረሰውን ብልሽት ብቻ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና በትንንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ጨርሶ መቆሙ ግን ያነሰ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። አንድ አኀዝ ሲጠቀስ «ምን ተለክቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያ ልማድ ሊሆን ይገባል።

በጉዳዩ ላይ ሌላም አስገራሚ ገጠመኝ አለ። ይኸው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሞዴል ኤስን በሙከራ ከ100 103 ነጥብ ሰጥቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ 1400 የሚያህሉ ባለቤቶች ስለ ሞተር ክፍል መለወጥ፣ ስለ ስክሪንና ስለ በር የላኩትን መረጃ ተመልክቶ መኪናውን ከሚመክራቸው ዝርዝር አወጣው። ሆኖም 97 በመቶ የሚሆኑት ባለቤቶች እንደገና ቢገዙ ይህንኑ መኪና እንደሚመርጡ ተናግረዋል። አንዱ ምክንያት፣ ብልሽት ሲገጥማቸው ኩባንያው በዋስትና ፈጥኖ የሚጠግንላቸው መሆኑ ነበር። ለእኛ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

አስተማማኝነትና ዝግጁነት

መሐንዲሶች ሁለት ነገሮችን ለይተው ያያሉ። አስተማማኝነት አንድ ዕቃ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጊዜ ይመለከታል። ዝግጁነት ደግሞ ዕቃው በተፈለገ ጊዜ ሁሉ ለሥራ የሚገኝበትን መጠን ያሳያል። ቀመሩም የሚከተለው ነው፤

ዝግጁነት = በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ ÷ (በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ + አማካይ የጥገና ጊዜ)

አንድ መኪና በየ500 ቀኑ አንድ ጊዜ ይበላሻል እንበል። በሙኒክ ከተማ በ5 ቀን ከተጠገነ ዝግጁነቱ 500 ÷ 505፣ ማለትም 99 በመቶ ነው። ያው መኪና በመካነ ሰላም ቢሆንና መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ 125 ቀን ቢቆም፣ 500 ÷ 625፣ ማለትም 80 በመቶ ይሆናል። መኪናው አንድ ነው፤ ፋብሪካውም አንድ ነው። ከአምስት ቀን አንዱን ያስቆመው መኪናው ሳይሆን በመኪናውና በመለዋወጫው መካከል ያለው መንገድ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶች አነጋገር በምሕንድስናም ይሠራል።

በአገራችን ይህ ነጥብ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ ሀዩንዳይ አዮኒክን አዲስ አበባ ውስጥ ከገጣጠመ ወዲህ የመኪናዎቹ ዓይነት በፍጥነት ተበራክቷል። ከእነዚህም መካከል እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ያሉት የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። የቻርጅ ሶኬታቸው የቻይናን ስታንዳርድ የተከተለ ነው፤ የጥገናና የሶፍትዌር አገልግሎታቸውም የተዘረጋው ለዚያው ገበያ ነው።

ደጋው የሚሰጠውና የሚነሣው

የመካነ ሰላም ተፈጥሮ ራሱ ለኤሌክትሪክ መኪና ወዳጅም ተፈታታኝም ነው። ከተማዋ ወደ 2600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በዚሁ መጠን ጉልበት ሲያጣ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ጉልበቱ አይቀንስም። የደጋው ቅዝቃዜም የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል። በሌላ በኩል የሳሳ አየር የማቀዝቀዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ በአየር ውስጥ ዘልሎ እንዳያልፍም በሽቦዎች መካከል ሰፋ ያለ ርቀት ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ ለ3000 ሜትር ከፍታ ርቀቱ በ1.14 እንዲባዛ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የ2000 ኪሎ ግራም መኪና 1300 ሜትር ሲወጣ ለከፍታው ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል 2000 × 9.8 × 1300፣ ማለትም 25.5 ሚሊዮን ጁል ወይም 7.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 12 በመቶ ይሆናል። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከዚህ ኃይል ከፊሉን ይመልሳል፤ መኪናውንም ያዘገያል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ አያገኝም። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በተለመደው ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑም ይግላል። ስለዚህ ከመካነ ሰላም ወደ ሸለቆው የሚወርድ ሹፌር ባትሪውን 80 በመቶ ላይ ማቆሙ ብልህነት ነው።

የኃይል አቅርቦቱም ሊታሰብበት ይገባል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አገሪቱ ያላት የማመንጨት አቅም እጅግ ጨምሯል። ነገር ግን በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የቤት ሶኬት የሚገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፤ ባዶውን የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት 27 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ከተቋረጠ ወይም ቮልቴጁ ከወረደ ደግሞ ሰዓቱ ይረዝማል።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ የሚያስረዳው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመካነ ሰላም የማይሆን ዕቃ አለመሆኑን ነው፤ ጎረቤት ከሌለው ግን አያዛልቅም። ገዢው «በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ከማለቱ በፊት «ትንሹን ባትሪ፣ የፍሬን ቱቦውንና የቻርጅ ሶኬቱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አገኛለሁን? የብልሽት ኮዱን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ማነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ሻጩም ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ ቢሰጥ ይመረጣል።

ለተማሪዎችም የሚቀር ድርሻ አለ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። 126 የሮድስተር ባለቤቶች በደብተራቸው ያሰፈሩት ቁጥር የዓለምን ስጋት ካረመ፣ በእኛ ደጋ የሚነዱ ጥቂት ደርዘን መኪናዎች ምን ያህል እንደተጓዙ፣ ምን እንደተበላሸባቸውና ስንት ቀን እንደቆሙ በየወሩ መመዝገብ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። የጥገና ጊዜውን ከ125 ቀን ወደ 20 ቀን ማውረድ ቢቻል፣ በምሳሌያችን ያለው መኪና ዝግጁነት ከ80 ወደ 96 በመቶ ከፍ ይላል። ለዚህ ደግሞ ፋብሪካ መገንባት አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የመለዋወጫ መደርደሪያና በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ይበቃል።