ባቡሩ ሲቀር ብስክሌቱ መጣ

ከብሪስቶል ከተማ መሀል ተነስቶ ባዝ ከተማ ጫፍ የሚደርስ 21 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። መኪና አይገባበትም። በሥራ ቀን ሠራተኛውና ተማሪው ይመላለስበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ከፊት ያስቀደሙ ወላጆች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች፣ ውሻቸውን የሚያናፍሱ ጎረቤቶች ይጋሩታል። ቤቶቹ ካለቁ በኋላ በሁለት ረድፍ ዛፎች መካከል ገብቶ፣ በግጦሽ መሬት አልፎ፣ የኤቨንን ወንዝ ደጋግሞ እየተሻገረ ይሄዳል። በእንግሊዝ ገጠር ብስክሌት እየነዱ መዝናናት ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም፤ አገሪቱን ያዳረሰው የብስክሌት መንገዶች መረብ የተፀነሰው እዚህ ነውና።

መንገዱ የባቡር ነበር። ሚድላንድ የተባለው ኩባንያ ሐዲዱን ባዝ ያደረሰው በ1869 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መንገደኛ ማጓጓዙን ያቆመው ደግሞ በመጋቢት 1966። በዚያ ዘመን የተዘጋው እሱ ብቻ አልነበረም። የብሪታኒያ ባቡር ሊቀ መንበር የነበሩት ሪቻርድ ቢቺንግ በ1963 ባወጡት ሪፖርት 2,363 ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ምክንያታቸው ኪሳራ ነው፤ ሰው መኪና መግዛት ጀምሯል፣ ጭነቱም ወደ ካሚዮን ዞሯል። በየገጠሩ ሐዲዱ ተነቀለ፣ ድልድዩ ፈረሰ፣ መሬቱም እየተቆራረጠ ተሸጠ።

በእኔ ግምት ከሐዲዱ መነቀል የመሬቱ መቆራረጥ የከፋ ነበር። የተነቀለ ሐዲድ መልሶ ይነጠፋል። ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ የሚሄድ መሬት ግን አንዴ ለብዙ ባለቤት ከተከፋፈለ መልሶ ማያያዝ ዘመን ይፈጃል፤ መሀል ላይ አንድ ባለ ይዞታ እምቢ ቢል ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በ1977 ብሪስቶል ውስጥ ሳይክልባግ የሚባል ማኅበር ያቋቋሙት ሰዎች ይህ ገብቷቸዋል። ሲቪል መሐንዲሱ ጆን ግሪምሾ ከመካከላቸው ነበሩ። በ1979 በጎ ፈቃደኞች ወጥተው ከባዝ እስከ ቢተን ጣቢያ ያለውን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ጠረጉ፤ ደቃቅ ድንጋይም አለበሱት። ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ብሪስቶል እየገፋ በ1986 ተጠናቀቀ። ማኅበሩም አድጎ ሳስትራንስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ፤ በ1995 ከብሔራዊ ሎተሪ ገቢ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰጥቶት ብሔራዊ የብስክሌት መረብ የሚባለውን መዘርጋት ጀመረ። ዛሬ በየመስቀለኛው በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ነጭ ብስክሌትና በቀይ መደብ የተጻፈ ቁጥር ያያችሁ እንደሆነ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። የብሪስቶልና የባዝ መንገድ የ4 ቁጥር መስመር አካል ነው።

የድሮ የባቡር መስመር ለብስክሌት እንዲህ የሚመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው ትንሽ ነው። ሜዳ ላይ ይህ በረከት ነው፤ ዳገት ላይ ግን ጎማው መቆንጠጫ አጥቶ ይንሸራተታል። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆረጡ፣ ረባዳውን በአፈር ደለደሉ፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻገሩ፣ አልሆን ሲላቸው ተራራውን በሱ። ውጤቱ 50 ሜትር ሄዶ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይወጣ መንገድ ሆነ፤ አብዛኛው ቦታ ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። እንግሊዝ ሜዳ አገር አይደለችም፤ የደርቢሸርና የሰመርሴት የገጠር ጎዳናዎች የለመደ ብስክሌተኛን እንኳ ያስተነፍሳሉ። በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ግን መንዳት ገና የለመደ ልጅና ጉልበታቸው የደከመ አያቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የእነዚህ መንገዶች ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው እላለሁ፤ መልክዓ ምድሩ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ከባዝ በስተ ደቡብ የሚወጣውና «ሁለቱ ዋሻዎች» የሚባለው መንገድ የተከፈተው በሚያዝያ 2013 ነው። የመጀመሪያው ዋሻ 400 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው፣ ኮም ዳውን፣ 1,672 ሜትር ይረዝማል፤ በብሪታኒያ ለእግረኛና ለብስክሌት ከተከፈቱት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። ሲገቡ መጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው፤ ውጭ ፀሐዩ ቢያቃጥልም እዚያ ጃኬት ያሰኛል። መውጫው ገና አይታይም። መብራቶቹ በተራ ተደርድረው መንገዱን እየመሩ ይወስዳሉ፤ መሀል ላይ ከግድግዳው ሙዚቃ ይሰማል። ሰው ሲያልፍ ድምፅና ብርሃኑ አብረው እንዲነሱ ሆኖ የተሠራ የጥበብ ሥራ ነው። ይህ ዋሻ በባቡሩ ዘመን ጭስ ማውጫ ጉድጓድ አልነበረውም። በኅዳር 1929 ዳገቱን በዝግታ ይወጣ የነበረ የጭነት ባቡር ነጂና ረዳቱ ዋሻው ውስጥ ጭሱ አፍኗቸው ራሳቸውን ሳቱ። ባቡሩ መሪ አጥቶ ከዋሻው ወጣና ቁልቁል ወደ ባዝ ተንደረደረ፤ ከጣቢያው ደርሶ ሲገለበጥ ነጂውን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ልጆች በዚያው ዋሻ ውስጥ የራሳቸውን ማስተጋባት ለመስማት እየጮኹ ያልፋሉ።

ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የሞንሳል መንገድ አለ። መስመሩ የተከፈተው በ1863 ነው፤ የሥነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ረስኪን ሸለቆው ተበላሸ ብለው አምርረው ተቃውመውት ነበር። ባቡሩ በ1968 ቆመ። ፓርኩ መስመሩን ለእግረኛ ቢከፍተውም ዋሻዎቹ ለደኅንነት ሲባል ለዓመታት ታጥረው ስለቆዩ ሰው በገደሉ ዳር ዞሮ ነበር የሚያልፈው፤ ለብስክሌትም ሆነ ለተሽከርካሪ ወንበር አይሆንም ነበር። በ2011 ታድሰውና መብራት ገብቶላቸው ተከፈቱ። ከሄድስቶን ዋሻ ጨለማ ሲወጡ በአንድ ጊዜ በረጅም ድልድይ ላይ ይገኛሉ፤ ዋይ ወንዝ ከሥር ተጠማዞ ይፈሳል። ረስኪን ያወገዙት ድልድይ አሁን በቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ሕዝቡም ቆሞ ፎቶ የሚነሳው እሱ ላይ ነው።

ባሕር ለሚወድ ኮርንዎል ውስጥ የካሜል መንገድ ይሻለዋል። ከዌድብሪጅ እስከ ፓድስቶ ወደብ ያለው 9 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበትን ሰፊ አፍ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋውና ጭቃው ይገለጥና ወፎች ለምግብ ይወርዱበታል፤ ሲመለስ ውኃው እስከ መንገዱ ግርጌ ይደርሳል። ብስክሌት የሚያከራዩ ሱቆች በሁለቱም ጫፍ አሉ፤ ሕፃን የሚጫንበት ከኋላ የሚጎተት ጋሪና ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌትም ይገኛል። በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት በጣም ስለሚጨናነቅ ማልዶ መውጣት ነው።

ችግር የለም ማለት አይደለም። በከተማ አቅራቢያ ለሥራ የሚጣደፈው ብስክሌተኛና ቀስ ብሎ የሚሄደው እግረኛ ይጋጫሉ። ሞተር ሳይክል እንዳይገባ ተብሎ የተተከሉ በሺህ የሚቆጠሩ የብረት አጥሮች ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበሩንና ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱን ያግዳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሬቱ በተሸጠበት ቦታ መንገዱ ተቋርጦ መኪና በሚከንፍበት አውራ ጎዳና ላይ መጣሉ ነው። በ2020 ሳስትራንስ ለጀማሪ አደገኛ ናቸው ያላቸውን የጎዳና ክፍሎች ከመረቡ አውጥቷል፤ የወጣው ከጠቅላላው ወደ ሩብ ይጠጋል። ብዙዎች ቅር ቢሰኙም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሰማያዊውን ሰሌዳ አምና ልጇን ይዛ የምትወጣ እናት ካሚዮን ፊት መጣል የለባትም።

በለንደንም ሆነ በሌላው የእንግሊዝ ከተማ የምትኖሩ፣ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ አንባብያን ባዝን አስቀድሙ። ባቡር ጣቢያው ከመሀል ከተማው ነው፤ ብስክሌት በባቡር ለመጫን ግን ቦታ ቀድሞ መያዝ ሊያስፈልግ ስለሚችል ጠይቁ። ሁለቱን ዋሻዎች አልፎ በአንድ የውኃ ቦይ ዳር ወደ ባዝ የሚመልሰው ዙር 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በግራ በኩል ንዱ፣ እግረኛ ስታልፉ ቃጭል ደውሉ፣ የፊትና የኋላ መብራት ያዙ። ጊዜ ከተረፋችሁ ደግሞ የብሪስቶሉ መንገድ ባዝ ከሚያልቅበት ብዙ ሳይርቅ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ ፌርፊልድ ሃውስ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው፤ በ1958 ለከተማው አዛውንት መጠቀሚያ እንዲሆን ለባዝ ሰጥተውታል። ከመሄዳችሁ በፊት ለጎብኚ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።