የጥይትን አፍ ማጥበቅ ዒላማን ያሻሽላል?

ጥይት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በርሮ የሚሄደው ሹል ብረት ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ጥይት ግን አራት ነገሮች አሉት፦ ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከኋላ ያለው መለኮሻ እና ቀለሁ አፍ ላይ የተሰካው አረር። ሲተኮስ አረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ ቀለሁ ባዶውን ይቀራል።

አሜሪካ ውስጥ የዒላማ ተኩስን እንደ ስፖርት ከያዙት ብዙዎቹ ባዶውን ቀለህ አይጥሉትም፤ ራሳቸው እንደገና ሞልተው ይጠቀሙበታል። በእነሱ መካከል አንድ የቆየ ክርክር አለ። አረሩ ከተሰካ በኋላ የቀለሁን አፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ጨምቆ ማጥበቅ ተኩሱን ይበልጥ ትክክለኛ ያደርገዋል ወይስ አያደርገውም? የሚገርመው፣ «ያደርጋል» የሚለውም «አያደርግም» የሚለውም ማስረጃዬ ብሎ የሚያሳየው የተበሳሳ ወረቀት ነው። ታዲያ ማንን እንመን? እስኪ በፊዚክስና በትንሽ ስታቲስቲክስ እንየው።

ማጥበቅ ለምን አስፈለገ?

ከትክክለኛነት በፊት ሌላ ችግር ነበር። የ1894 ሞዴል ዊንቸስተርን የመሰሉ ጠመንጃዎች ጥይታቸውን የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ረጅም ቱቦ ውስጥ ነው። ጥይቶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋሉ፤ ከፊት ያለው ስፕሪንግ ደግሞ ይገፋቸዋል። ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚመታ ሰልፉ በሙሉ ይናጣል። አረሩ በደንብ ካልተያዘ ቀለሁ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። ሲሰምጥ ባሩዱ የሚቃጠልበት ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱም ከታሰበው በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ደግሞ አደገኛ ነው። ለዚህ ሲባል የእነዚህ አረሮች ወገብ ላይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ይሠራል፤ የቀለሁ አፍ እዚያ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። በኃይል ለሚመቱ የትላልቅ አውሬ ማደኛ ጠመንጃዎችና ለወታደራዊ ጥይቶችም ይኸው ይደረጋል።

ስለዚህ የማጥበቅ ዋና ሥራው አረሩን ቦታው ላይ ማቆየት ነው። ዒላማን ማሻሻል ሌላ ጥያቄ ነው።

ኃይሉን እናስላው

በ1952 ገበያ ላይ የዋለውን «308 ዊንቸስተር» የተባለ ጥይት እንውሰድ። የአረሩ ውፍረት 7.82 ሚሊሜትር ስለሆነ የጀርባው ስፋት 48 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። በአውሮፓ መለኪያ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 4,150 ባር ነው። ሁለቱን ስናባዛ ወደ 20,000 ኒውተን እናገኛለን፤ ይህ የሁለት ቶን መኪና ክብደት ነው!

አሁን ቀለሁ አረሩን በ300 ኒውተን፣ ማለትም በ30 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል፣ አጥብቆ ያዘው እንበል። ይህን ለማሸነፍ የሚበቃው ግፊት 62 ባር ገደማ ነው፤ ከከፍተኛው ግፊት 1.5 በመቶ ብቻ። አረሩ ግፊቱ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ገና ተነሥቶ ሄዷል ማለት ነው። ማጥበቁ ለውጥ ካመጣ፣ የሚያመጣው ባሩዱ መቀጣጠል በሚጀምርባት በጣም አጭር ቅጽበት ነው።

ያቺ ቅጽበት ግን የምትናቅ አይደለችም። አጀማመሩ ከጥይት ጥይት ከተለያየ የአረሩም ፍጥነት ይለያያል። አንዱ አረር በሰከንድ 800 ሜትር፣ ሌላው 790 ሜትር ቢወጣስ? የአየሩን መጎተት ትተን ብናሰላ፣ 100 ሜትር ላይ ሁለተኛው ዝቅ የሚለው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 600 ሜትር ላይ ግን 7 ሴንቲሜትር ይሆናል! ርቀቱ 6 እጥፍ ሲያድግ ልዩነቱ 36 እጥፍ አደገ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ጥብቀቱ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። እዚህ ላይ ማጥበቅ ራሱ ችግር ሊያመጣ ይችላል። አንዱ ቀለህ ከሌላው በጥቂቱ ቢረዝም አፉ ይበልጥ ይጨመቃል። ናስ ደግሞ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ ቀለህ እኩል አይዙም። ከመጠን በላይ ከተጨመቀ አረሩ ራሱ ይጎዳል። በጥቂት ሚሊሜትር የሚሸናነፉት፣ ጠመንጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የሚወዳደሩ ተኳሾች በአብዛኛው የማያጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀለሁ አንገት አረሩን ሁልጊዜ በእኩል ኃይል እንዲይዘው ላይ ይደክማሉ።

አምስት ቀዳዳ ምን ይነግረናል?

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። አንድ ሰው አምስት ያልጠበቁ ጥይቶች ተኮሰ፤ በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል 2.6 ሴንቲሜትር ለካ። ከዚያ አምስት የጠበቁ ተኩሶ 2.1 አገኘ። «አያችሁ? ማጥበቅ ይሠራል!» አለ።

ቆይ፣ አትቸኩሉ! ምንም ነገር ሳይቀየር፣ ያው ጠመንጃ ያንኑ ጥይት እየደጋገመ ቢተኩስ እንኳ የአምስት ጥይት ልኬት ከአማካዩ በሩብ ያህል ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። አማካዩ 2.5 ከሆነ 1.9ም 3.1ም ብታገኙ አይግረማችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች እዚሁ መዋዠቅ ውስጥ ናቸው። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውራችሁ ሦስቱንም «ዘውድ» ብታገኙ ሳንቲሙ ተበላሽቷል አትሉም አይደል? ጤነኛ ሳንቲምም ከስምንት አንዴ እንዲህ ያደርጋል።

ትክክለኛው ሙከራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአምስት ይልቅ ብዙ አሥር ጥይት ያስፈልጋል። የጠበቀውና ያልጠበቀው እየተቀላቀሉ መተኮስ አለባቸው፤ አለዚያ የአፈሙዙ መጋል ወይም የነፋሱ መለወጥ በማጥበቁ ይመካኛል። ተኳሹም የትኛውን እንደሚተኩስ ባያውቅ ይመረጣል፤ የምንመኘው መልስ እጃችንን ሳናውቀው ይመራዋልና።

ስለዚህ መልሱ ምንድን ነው? ቱቦ ያለው ወይም በኃይል የሚመታ ጠመንጃ ከሆነ ማጥበቅ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ጥይቱ አንድ በአንድ እየተጎረሰ ወረቀት ላይ ለሚተኮስ ግን ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። «ለእኔ ጠቅሞኛል» የሚል ሰው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን በአምስት ቀዳዳ ሊያሳምነን አይችልም።

አንድ ነገር አደራ፦ ይህ ጽሑፍ የጥይት አሞላል መመሪያ አይደለም፤ ባሩድ መጫወቻ አይደለም። የወረቀቱን ጥያቄ ግን የትም ይዛችሁት ሂዱ። ጓደኛችሁ «ይህን ጫማ ካደረግኩ ጀምሮ ሁለት ጨዋታ አሸነፍን» ሲላችሁ ጠይቁት፦ ስንት ጊዜ ሞከርከው? ያለ ጫማውስ ስንት ጊዜ አሸንፋችኋል?