የቤት ውሻ ጸጉርና ጥፍር አጠባበቅ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየካቲት ወር በሆንግ ኮንግ የአንዲት ታማሚ ውሻ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኝቶበት ነበር። ይሁን እንጂ በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ሲሆን፣ ውሾች በስርጭቱ ውስጥ ጉልህ ድርሻ የላቸውም። ስለዚህ በወረርሽኙ ፍርሃት ውሻን ከቤት ማባረር ተገቢ አይደለም። እንደ ሙጃ ባሉ የሰሜን ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ውሻ የበግና የግቢ ጠባቂ ነው፤ ተባርሮ ባለቤት አልባ ሲሆን ግን ለእብድ ውሻ በሽታ ይጋለጣል። የሚበጀው ንጽሕናውን መጠበቅ ነው።

የጸጉር አጠባበቅ

የተቋጠረ ጸጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ስለሚጠብቅ፣ ማበጠር ከማጠብ ይቀድማል። በደጋ ውሻ የሚታጠበው ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ነው፤ ከዚያም በጨርቅ ይደርቃል። ጸጉሩ ከብርድ ስለሚከላከለው እንደ በግ ሙሉ በሙሉ አይሸለትም። ከጆሮ ሥር፣ ከብብትና ከጣቶች መካከል መዥገር ይፈለጋል፤ ከተገኘም በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ይነቀላል እንጂ በጣት አይፈርጥም።

በረኪና፣ አልኮልና ሳኒታይዘር በውሻ ጸጉር ላይ ፈጽሞ አይደረጉም። ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ውሻው ሰውነቱን ሲልስም ይመረዛል። የሰብል ተባይ ማጥፊያን ለቁንጫ መጠቀምም እንዲሁ አደገኛ ነው።

በበግ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ውሻ ይህን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ትንንሽ ትሎች ያድጋሉ፤ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። በእጅ አማካይነት ወደ ሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው የዕርድ ተረፈ ምርት ለውሻ ሳይሰጥ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ ውሻን የነካ እጅም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠባል።

የጥፍር አጠባበቅ

በድንጋያማ መሬት የሚሮጥ ውሻ ጥፍሩ በራሱ ያልቃል። ታስሮ የሚውል ውሻ ጥፍር ግን ይረዝማል። ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የሚገኘው የጎን ጥፍር መሬት ስለማይነካ ተጠምዝዞ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ አለ፤ በነጭ ጥፍር ላይ ቀላ ብሎ ይታያል፣ በጥቁር ጥፍር ላይ ግን አይታይም። በመሆኑም በስለታም መቁረጫ ጫፉ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጣል። ቢደማ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ተጭኖ ይያዛል።

በቤት ውስጥ የኮቪድ-19 ታማሚ ሲኖር

ውሻውን ማጠብና መመገብ ያለበት ጤነኛ የቤተሰብ አባል ነው። ታማሚው ውሻውን ከማቀፍ፣ ከመሳምና ምግብ ከማጋራት ይቆጠባል፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጭምብል አድርጎና ከንክኪው በፊትና በኋላ እጁን ታጥቦ ይንከባከባል።

ንክሻ ሲያጋጥም

ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ወይም በማያውቀው ውሻ የተነከሰ ውሻ አይታጠብም፣ ጥፍሩም አይቆረጥም፤ ሰውና እንስሳት እንዳይቀርቡት ተደርጎ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ታማሚውን ማትረፍ አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ በወቅቱ የተሰጠ ክትባት ግን ሕይወት ያድናል። ኮቪድ-19ን በመፍራት ከሕክምና መቅረት አይገባም፤ ጭምብል አድርጎና ርቀት ጠብቆ መሄድ ይቻላል።

ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘት ወደ ነጻ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይቻላል።